ኪሱ ወደ ቀኝ የዞረው ኮት

«አውልቀው! አሁኑኑ አውልቀው!» አልኩት ልጄን። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቢያየኝስ! ያሬድ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፤ የሠርጉን ሱፍ ልንመርጥ ለቡ መብራት ኃይል ሄደን አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ገብተናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ገብስ ይታጨድበት የነበረ ቦታ ላይ ዛሬ አሳንሰር ይወጣል ይወርዳል። ሻጩ ጎረምሳ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አውርዶ አለበሰውና «ማዘር፣ ይሄ የዘንድሮ ነው፤ ከተማው ላይ ሌላ ቦታ አያገኙትም» አለኝ። አየሁት። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ነው። ዓይኔ ይሆናል ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። ቀኝ ነው። «ሲሰፉት ተሳስተው ነው እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ኧረ ማዘር፣ ዲዛይኑ ነው! ሆን ተብሎ ነው የተደረገው፤ ፋሽን ነው» አለና ዋጋውን ነገረኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ደሜ የፈላው በእሱ ብቻ አይደለም።

«ምን ሆንሽ እማ?» አለኝ ያሬድ አንድ እጁን ከኮቱ እጅጌ እያወጣ። ምን ልሁን! ያንን ኮት አያቱ ለብሶታል። የአያቱ ጥቁር ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ነበር፤ ኪሱ ግን እዚያው ቦታ ላይ ነበር፣ በቀኝ። ያኔ ፋሽን ነው የሚል ሰው አልነበረም። ያንን ኪስ ያየ ሁሉ ወዲያው «ይሄ ሰውዬ ተቸግሯል» ነበር የሚለው። አባቴ ለዓመታት ክንዱን እያጠፈ ሲሸፍነው የኖረውን ነገር ዛሬ መስኮት ላይ ሰቅለው፣ መብራት አብርተውበት ይሸጡታል! ይባስ ብሎ ያን ዕለት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ያሬድ እንደ ቀላል ነገር «ሰኞ ለአንድ ጓደኛዬ ዋስ ልሆን ነው፤ በብድር መኪና ሊያወጣ» ብሎኝ ነበር። ሠርግ የደረሰበት ልጅ ነው፣ ዛሬ አላስቀይመውም ብዬ ዝም አልኩት። ኮቱን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሻጩን «ወንበር ስጠኝ» አልኩትና ተቀመጥኩ። አሁን የምጽፈው ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የነገርኳቸውን ነው።

እኛ የምንኖረው መካኒሳ ነበር፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በቀበሌ ቤት። ሁለት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ ሆኖ እማዬ በየእንቁጣጣሹ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ትለጥፍበታለች። ጋዜጣው ላይ ያሉትን ሰልፎችና መፈክሮች አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እያነበብኩ ነው ያደግሁት። ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት ነበር። ወጣቱ አፍሮውን አበጥሮ፣ መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ለብሶ፣ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ የሚለቀቀውን ሙዚቃ ቆሞ ይሰማል፤ ሹም ሹሙ ደግሞ ሰፋሪ የሚባለውን ባለ አራት ኪስ ልብስ ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር። በስሙኒ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለገሃር ይደረሳል። በሽልንግ የተገዛ ጎመን ለአምስት ሰው ይበቃል። ርካሽ ነበር እያላችሁ አትቅኑብን፤ ስሙኒውን ማን ሰጥቶን! ስኳርና ሳሙና የሚገኘው ከኅብረት ሱቅ ነው፣ ያውም በራሽን፣ ያውም ሲመጣ። ሰልፉ ላይ በሰው ፋንታ ድንጋይ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው። የእኛ ድንጋይ አናቱ ላይ በከሰል የተሠራ መስቀል ነበረበት። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል።

አባዬ፣ አቶ ወልዴ፣ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ባለ የመንግሥት ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። አንድ ኮት ነበረው፣ ለሠርጉ ያሰፋው ግራጫ ሱፍ። የደረት ኪሱ ላይ ሁልጊዜ እስክሪብቶ አለ፤ እስክሪብቶዋ ከኪሱ ብቅ ሳትል ከቤት አይወጣም። የሰፈር ሰው ማመልከቻ ሲያስፈልገው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ያቺን እስክሪብቶ መዝዞ ክዳኗን በጥርሱ ሲነቅል ሳየው፣ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አገር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ደጀኔ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አንድ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ ቤታችን መጥቶ ሳይበላ ያለፈ ሳምንት የለም። አንድ ቀን ፊቱን አጨማዶ መጣና «ወልዴ፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተበድሬ ላሳክማት፤ ዋስ ሁነኝ» አለው። አባዬ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ቀኝ እጁን ወደ ግራ ደረቱ ሰደደ፣ እስክሪብቶዋን መዘዘ፣ ፈረመ። አለቀ።

ደጀኔ ብድሩን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ደመወዙ ከፋብሪካው ወጣ፤ ብድሩ የሚቆረጥበት ጠፋ። ማኅበሩ ታዲያ ማንን ይይዛል? ዋሱን ነዋ! ከአባዬ ደመወዝ ሲሶው በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። ሲሶው! አባዬ ሊጠይቀው ሄዶ ተመለሰና «በሚመጣው ወር እጀምራለሁ ብሏል» አለን። ያ የሚመጣው ወር ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ልትሞት ነው የተባለችውን እናቱን እማዬ ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አገኘቻት፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ «ተመስገን ነው፣ ራሴን እንኳን አሞኝ አያውቅም» አለቻት። ብድሩስ ምን ሆነ? ቴፕ ሆነ። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ! በደጁ ያለፈ ሁሉ ሙዚቃውን ይሰማል። የእኛ ቅቤ፣ የእኛ ስኳር፣ የአባዬ የአውቶቡስ ስሙኒ፣ ሁሉም እዚያ ቴፕ ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል።

«ክሰሰው» አለችው እማዬ።

«ጓደኛዬን ፍርድ ቤት ላቁመው?»

«እሺ አትክሰሰው፤ ለሰው ተናገር። ለእድሩ ሽማግሌዎች ንገራቸው።»

«ይዋረዳላ፣ ተዋበች።»

«እኛስ? እኛ አልተዋረድንም?»

አባዬ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ እሷንም እኔንም ለማንም ትንፍሽ እንዳንል አስማለን።

ዛሬ ስልክ ላይ ብቅ እያሉ የቤት ወጪ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያስተምሩ ልጆች አሉ። ማኪያቶ ተዉ ይላሉ። ኤዲያ! እማዬን ባያችኋት። መጀመሪያ የቀረው ቅቤ ነው፤ ሽሮው በሽንኩርትና በዘይት ሆነ፣ ኋላ ዘይቱም ሲጠፋ በሽንኩርት ብቻ። ከሰል ቀረና ሰጋቱራ መጣ። ከእንጨት መሰንጠቂያው በጆንያ ተሸክመን እናመጣና፣ ቆርቆሮ መሃል ጠርሙስ አቁመን ዙሪያውን እንጠቀጥቀዋለን፤ ጠርሙሱ ሲወጣ በቀዳዳው እሳት ይለቀቅበታል። በደንብ ካልተጠቀጠቀ መሃል ላይ ይናድና ወጡ ጥሬ፣ ዓይናችን ቀይ ሆኖ እንቀራለን። የራሽን ሳሙናው ሲመጣ ይሸጣል፣ ልብሳችን በእንዶድ ይታጠባል። ስኳሩም እኩሌታው ለሻይ ቤት ይሸጣል፤ የቀረውን ሻይ ውስጥ መጨመር ክልክል ነው፣ ጥቂት ምላስ ላይ አድርጎ ሻዩን በላዩ ፉት ማለት ነው። የእኔ ሸራ ጫማ ሲጠበኝ አፍንጫው በምላጭ ተቀደደና ጣቶቼ ውጭ ዋሉ። አባዬ ከመካኒሳ ፋብሪካው ድረስ በእግሩ ይሄዳል፣ በእግሩ ይመለሳል። ያልተነካው የእድር መዋጮ ብቻ ነው። «ሞታችንን እንኳን ደጀኔ አይበላብንም» ትላለች እማዬ።

ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ጎረቤቱ መክሳታችንን ሲያይ ምክንያት ፈለገልን። አንዷ «ወልዴ ሌላ ቤት አለው» አለች፤ ሌላው «ካርታ ይጫወታል» አለ። አባዬ! ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቀው ሰውዬ! እኛ እውነቱን እያወቅን፣ መሐላው አፋችንን ዘግቶት ይህንን እንሰማለን። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ኮቱም በዚያ ሁሉ የእግር መንገድ፣ በፀሐይና በአቧራ አለቀ፤ ኮሌታው ተበጫጨቀ፣ ክርኑ ሳሳ፣ ግራጫነቱ ወደ ሻይ መልክ ሄደ። ይሄኔ አባዬ ከሰው መራቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሠርግ ቀረ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን በጓሮ በር መግባት አመጣ። በመጨረሻ የጎረቤት ለቅሶ ቀረ። ለቅሶ! የእድሩ ሰብሳቢ ቤታችን ድረስ መጥተው «ወልዴ አሞት ነው? ድንኳን ውስጥ አጣነው እኮ» ብለው ሲጠይቁ፣ አባዬ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። እማዬ ያን ቀን «ገንዘቡን ይብላው፤ ባሌን ግን ከሰው አያወጣውም» ብላ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ሸምሱ ሄደች።

ጋሽ ሸምሱ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይሠራል። ኮት መገልበጥ ያኔ የታወቀ ሥራ ነበር። ስፌቱ በሙሉ ይፈታል፣ ጨርቁ ይገለበጣል፣ ፀሐይ ያላየው የውስጡ ወገን ወደ ውጭ ይወጣና እንደገና ይሰፋል። አዲስ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ ግራ የነበረው ሁሉ ቀኝ ይሆናል፣ የደረት ኪሱም አብሮ ይዞራል። «ኪሱን ልደፍነው እችላለሁ» አላት ሸምሱ፤ «ግን የተደፈነበት ይታያል። ባይሆን እንዲሁ ይቅር።» ለእጁ ዋጋ አባዬ ማመልከቻ ሊጽፍለት ተስማሙ። ኮቱ ሲመጣ አባዬ ለበሰውና ቀኝ እጁን ወደ ግራ ደረቱ ሰደደ፤ ልሙጥ ጨርቅ ነው። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀችና ግራ እጁን ይዛ ወደ ቀኝ ደረቱ ወሰደችለት። «ከእንግዲህ በዚህ ነው። እጅህ ይልመደው» አለችው። ለመደውም። እስክሪብቶዋን በግራ እጁ መዝዞ ለቀኝ እጁ ማቀበልን እንደ ሕፃን ተማረ።

ኮቱን ከተገለበጠ በኋላ መጀመሪያ የለበሰው ለሰው ሠርግ ነው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የአንድ የአባዬ ባልደረባ ልጅ ተዳረችና ሦስታችንም ሄድን። ዳሱ ውስጥ የፋብሪካው ሰው ሁሉ አለ፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ሰፋሪውን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። አባዬ ሲገባ «ኧረ ወልዴ! የት ጠፍተህ ነው!» እያሉ ተነሡለት። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ልክ ሊቀመጥ ሲል ፊት ለፊቱ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ደጀኔ። አዲስ ሰፋሪ፣ አዲስ ጫማ፣ ፊቱ ወዝ በወዝ ሆኗል። ደጀኔ አባዬን አየ፣ ኪሱን አየ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠና ጮክ ብሎ «ጓድ ወልዴ! ኪስህ ቀኝ መንገደኛ ሆነብህ እኮ!» አለ። ያኔ ቀኝ መንገደኛ መባል ሰው የሚያሳስር ነገር ነው። ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ማን ያቁማቸው! «አዝራሩም እኮ የሚቆለፈው በሴት በኩል ነው!» አለ አንዱ። «የሚስቱን ተውሶ ነው!» አለ ሌላው። እና አባዬ፣ የእኔ አባት፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አብሮ ሳቀ። ሳቀ! እጁን ኪሱ ላይ ጭኖ ሳቀ። እማዬ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ነበረች፤ ጭልፋዋን እንደያዘች ዳሱ በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። አፏን ከፈተች። አባዬ ዓይን ዓይኗን አያት፤ መሐላዋን እያስታወሳት ነው። አፏን ዘጋችና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ያን ወጥ ስታማስል ላያት ሰው የምትደበድብ ነበር የምትመስለው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች።

«አንተም ሳቅህ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ላልቅስላቸው?»

«ኮትህ የማንን ዕዳ ስትከፍል እንደተገለበጠ ትነግራቸው ነበራ!»

«የደጀኔ ሚስት አጠገቡ ነበረች እኮ፣ ተዋበች።»

«የአንተስ ሚስት? የአንተስ ልጅ?»

አባዬ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለውና ቀድሞን ሄደ። ዛሬ እሱን የሚያውቁ ሁሉ «አባትሽ ደግ ሰው ነበር» ይሉኛል። ደግነቱን አልክድም። ግን ንዴቴን የት ላድርገው? የአንድ አጭበርባሪ ገመና እንዳይወጣ ብሎ የራሱን ስም ማስበላት፣ እኛን በሽንኩርት ሽሮ ማክረም፣ ይሄ ምን ዓይነት ደግነት ነው? ስንት ዓመት አሰብኩበት፤ አሁንም አልገባኝም።

ዕዳው እንደምንም አለቀ። ሲያልቅ ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለውም፤ ሌላ ቤት አለው ያለችውም ሴትዮ ይቅርታ አልጠየቀችውም። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ደመወዜ ለእማዬ ቅቤ፣ ለአባዬ የሱፍ ጨርቅ ገዛሁ። ጋሽ ሸምሱ ሲለካው «ወልዴ፣ ኪሱን በየት በኩል ላድርግልህ?» እያለ ቀለደበት፤ ያንን ቀልድ ወደድነው፣ ከወዳጅ ነዋ። ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ኪሱ በግራ። አባዬ ለበሰው፣ እስክሪብቶዋን ግራ ደረቱ ላይ ሰካት፣ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አየ። እማዬ «እንደ ሙሽራ ተገተርክ እኮ!» ብላ አሾፈችበት።

እዚህ ስደርስ ያሬድ «ታዲያ ያ ደጀኔ የሚባለው ሰውዬ ምን ሆነ?» አለኝ። ሻጩም ደንበኛ ገብቶበት ዞር አላለም፣ መስቀያውን እንደያዘ ይሰማኛል። ምን ይሆናል! መጣ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ቤታችን መጣ!

እሑድ ነው። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ አዲሱን ኮት ገና አላወለቀም። ደጀኔ እንደ ድሮው ሳያንኳኳ ገባ፣ አባዬን አቅፎ ሳመው፣ «አማረብህ እኮ ወልዴ!» አለው። እማዬ ሻይ አቀረበችለት። ቀመሰና «ስኳር ረሳሽው መሰለኝ፣ እትዬ ተዋበች» አላት። «አልረሳሁም፤ ከኅብረት ሱቅ አልመጣም» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። ስኳሩ ጓዳ ውስጥ ጣሳ ሙሉ አለ። አባዬ ውሸቷን ሰምቶ ገላመጣት። ደጀኔ ያንን ሻይ ፊቱን እየቋጠረ እየጠጣ ስለ ጓደኝነታቸው አወራ፣ አወራ፣ ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እንግዲህ ያለፈው አለፈ» አለ። «እኛም መሥሪያ ቤት የብድር ማኅበር ተቋቁሟል። ፍሪጅ ልገዛ ነው። ዋስ ከውጭም ይቀበላሉ፤ እንዳንተ የሚታመን ሰው ደግሞ ከየት ይገኛል? እዚች ጋ ብቻ ፈርምልኝ።»

እኔ ብድግ አልኩ። እማዬ ጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች። አባዬ ወረቀቱን አየና «እሺ» አለ። እሺ አለ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከዚያ እስክሪብቶውን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ግራ እጁን፣ ወደ ቀኝ ደረቱ።

ኪስ የለም። ጣቶቹ ልሙጡን ጨርቅ ዳበሱ ዳበሱና እዚያው ቆሙ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ የገዛ እጁን አየው። እስክሪብቶዋ ግራ ደረቱ ላይ፣ ክዳኗ እያብለጨለጨ፣ ሁላችንም እያየናት ቁጭ ብላለች። ደጀኔም ያያታል።

«እስክሪብቶ አልያዝኩም» አለ አባዬ።

ውሸት ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደጀኔ አንዴ እስክሪብቶዋን አንዴ አባዬን አየ፤ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀመረና ተወው። የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋለት። «ይኸው፣ በእኔ ፈርም።»

«በሰው እስክሪብቶ አልፈርምም» አለው አባዬ ድምፁን ሳይጨምር። እጁን ከደረቱ ላይ አላነሣም።

ደጀኔ እስክሪብቶውን እንደዘረጋ ቀረ። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች፣ ጣሳውን ይዛ ወጣች፣ ፊቱ አስቀመጠችና ክዳኑን ከፈተችው። ስኳሩ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ደጀኔ፣ ስኳሩ ተገኝቷል» አለችው። «ሻይ ይደገምልህ?»